የታመመ ጡንቻ በማይክሮስኮፕ ሥር፦ ስለ ኤምዲኤክስ አይጥ የጠየቃችሁን

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የጡንቻ ዲስትሮፊ (ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የዘር በሽታ) ባለባቸው የቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ያተኮሩ ናቸው። አንደኛው ከአንድ ወላጅ የደረሰን ሲሆን የቀሩት ቤተ ሙከራ ውስጥ ከሚሠሩ ተማሪዎችና ባለሙያዎች ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ ልጄ የዱሼን ዲስትሮፊ እንዳለበት ተነግሮናል። መድኃኒቶቹ የሚሞከሩት «ያው ጉድለት ባለበት አይጥ» ላይ ነው ሲባል እሰማለሁ። አይጡ ግን ይሮጣል፣ ይራባል፣ ያረጃል ይላሉ። ታዲያ በምን ይመሳሰላሉ?

መልስ፦ ጉድለቱ በእርግጥ አንድ ነው። ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን የጡንቻ ቃጫውን የውስጥ አጽም ከሽፋኑና ከሽፋኑ ውጭ ካለው ድርና ማግ ጋር ያያይዛል። እሱ ሲጠፋ ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቃጫውም ይሞታል። ኤምዲኤክስ የሚባለው አይጥ እ.ኤ.አ. በ1984 ይፋ ሲደረግ የተለየው በደሙ ውስጥ የጡንቻ ኤንዛይም በዝቶ በመገኘቱ ነበር። በ1989 ደግሞ መንስኤው በዲስትሮፊን ዘረ መል 23ኛ ኤክሶን (ክፍል) ላይ የአንዲት ፊደል መቀየር መሆኑ ታወቀ። ያቺ ፊደል ፕሮቲኑ ተሠርቶ ሳያልቅ «አቁም» የሚል ምልክት ታስቀምጣለች።

የሚለያዩት ከጉዳቱ በኋላ ነው። አይጡ የሞተውን ቃጫ በአዲስ የመተካት አቅሙ ብርቱ ነው። በቃጫው ጠርዝ ተኝተው የሚቆዩት ሳተላይት ሕዋሳት ነቅተው ይባዛሉ፣ ተዋህደውም አዲስ ቃጫ ይሠራሉ። ዩትሮፊን የተባለው የዲስትሮፊን ዘመድም በአይጡ ጡንቻ ውስጥ በዝቶ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። ዩትሮፊንም ዲስትሮፊንም እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ክፉኛ ታመው በ20 ሳምንት ገደማ ውስጥ መሞታቸው የዚህን ፕሮቲን ውለታ ያሳያል። በሰው ልጅ ላይ ግን ጥገናው ከጉዳቱ ጋር እኩል መሄድ ያቅተውና ቦታውን ጠባሳና ስብ ይይዙታል።

ስለዚህ «በአይጥ ላይ ውጤት አሳየ» የሚል ዜና ሲያነቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በየትኛው ጡንቻ? በስንት ሳምንት ዕድሜው?» ይሁን። መልስ የሌለው ዜና ለልጅዎ ብዙም አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ የቅልጥም ፊት ጡንቻን (ቲቢያሊስ አንቲሪየርን) በ4 ሳምንትና በ12 ሳምንት ወስደን አየን። የ4 ሳምንቱ የጦር ሜዳ ይመስላል፤ የ12ቱ ደግሞ የተሻለው ነው ለማለት ይዳዳል። አይጦቹ ተቀይረውብን ይሆን?

መልስ፦ አልተቀየሩም። ያያችሁት የኤምዲኤክስን የተለመደ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት የእግር ጡንቻዎቹ ከጤናማ አይጥ ብዙም አይለዩም። በ3ኛው ሳምንት አካባቢ የቃጫ ሞት በድንገት ይጀምርና በ4ኛው ሳምንት ዙሪያ ከፍታው ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና በዝቅተኛ ደረጃ ዕድሜውን ሙሉ ይቀጥላል። በ8 ሳምንት ከግማሽ በላይ የሆኑት ቃጫዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ ሞተው የተተኩ ናቸው።

በ4 ሳምንቱ ስላይድ ላይ አራት ዓይነት ነገር ጎን ለጎን ይታያል፤ ለይቶ ማየቱን ከለመዱት ጡንቻው ያለበትን ቀን ገምቶ መናገር ይቻላል። የመጀመሪያው ገና እየሞተ ያለ ቃጫ ነው፦ በኢኦሲን (ሮዝ ቀለም) ገርጥቶ የቀለመ፣ ውስጡ የተበጣጠሰ፣ ጠርዙ የደበዘዘ። ሁለተኛው በብግነት ሕዋሳት የተወረረ ነው። ኒውትሮፊሎች በመጀመሪያው ቀን ይደርሳሉ፤ ከዚያ ማክሮፋጆች ይበዙና ፍርስራሹን ይውጣሉ። ሦስተኛው ትንሽ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላና መሃሉ ላይ ትልቅ ኒውክለስ (የሕዋስ እምብርት) ያለው አዲስ ቃጫ ነው፤ ጉዳት ከደረሰ ከ5 ቀን ገደማ በኋላ ይታያል። አራተኛው ገና ያልተነካው ነው፤ ኒውክለሶቹ ጠርዝ ላይ ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው በጥፍጥፍ ስለሆነ አንዱ ጥግ ሙሉ በሙሉ ሞቶ ከጎኑ ያለው ደህና ሊሆን ይችላል። አንድ የማይክሮስኮፕ እይታ መርጦ ፎቶ ማንሳት የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። የጡንቻውን ሙሉ አቋራጭ ገጽ አንሱ።

ዕድሜውን ስትመርጡም ጥያቄያችሁን አስቀድሙ። ሕክምናው የቃጫ ሞትን ይከላከል እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ከ3ኛው ሳምንት በፊት ጀምራችሁ በ4ኛው አካባቢ እዩ። የቆየ በሽታን ይለውጥ እንደሆነ ከሆነ ጥያቄው፣ ከወራት በኋላ ድያፍራምን (የመተንፈሻውን ጡንቻ) ተመልከቱ። በ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በ16ኛው የቅልጥም ጡንቻን ብቻ ማየት፣ በእኛ ግምት፣ ከሁሉም የባሰው ምርጫ ነው። ያን ጊዜ ጡንቻው ተረጋግቶ ስለሚገኝ ጥሩው መድኃኒትም መጥፎውም አንድ ይመስላሉ።

ጥያቄ፦ ኒውክለሳቸው መሃል ላይ ያለ ቃጫዎች ከሕክምናው በኋላ ከ60 በመቶ ወደ 45 ወረዱ። አማካሪዬ «ድል ነው» ይላሉ፤ እኔ እጠራጠራለሁ።

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። በአይጥ ላይ ቃጫው ከታደሰ በኋላ ኒውክለሱ ለወራት መሃል ላይ ይቆያል። ስለዚህ ይህ ቁጥር የዛሬውን ጉዳት ሳይሆን እስከ ዛሬ የተጠራቀመውን ነው የሚነግርዎት። ጡንቻው ከታደሰ በኋላ ዲስትሮፊን ራሱ ቢመለስ እንኳ ቁጥሩ ቶሎ አይወርድም። ሕክምናውን በስንት ሳምንት እንደጀመሩ አልጻፉልንም፤ ትርጉሙ የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ከ3ኛው ሳምንት በፊት ጀምረው ከሆነ መውረዱ ቃጫዎቹ ከመጀመሪያውም አለመሞታቸውን ሊያሳይ ይችላል። በ8ኛው ሳምንት ከጀመሩ ግን የተለየ ማብራሪያ መፈለግ አለበት።

ደስ የማይለው ማብራሪያ ይህ ነው፦ መድኃኒቱ ሞትን ሳይሆን መታደስን ከልክሎ ሊሆን ይችላል። የሞተው ቃጫ ካልተተካ መሃል ኒውክለስ ያለው ቃጫም አይኖርም፤ መቶኛውም ያምራል። ሁለቱን ለመለየት እነዚህን ከዚያው ጡንቻ ይለኩ፦ የሞተና በብግነት የተወረረ ስፋት ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ በአቋራጩ ላይ ያለው የቃጫ ጠቅላላ ብዛት፣ በቃጫዎቹ መካከል ያለው ጠባሳ፣ እና የፅንስ ማዮሲን ያላቸው ቃጫዎች። የፅንስ ማዮሲን ባለፉት ጥቂት ቀናት የተሠሩትን ብቻ ስለሚያሳይ ከኒውክለሱ ይልቅ ትኩስ ምስክር ነው። ሞቱ ቀንሶ፣ የቃጫው ብዛት ሳይጓደል፣ የፅንስ ማዮሲንም አብሮ ከቀነሰ አማካሪዎ ልክ ናቸው። የፅንስ ማዮሲን ቀንሶ ሞቱ እንዳለ ከሆነ መድኃኒቱ ጥገናውን እያነቀ ነው።

አቆጣጠሩም መወሰን አለበት። የቃጫውን ዙሪያ በላሚኒን፣ ኒውክለሱን በዳፒ ቀልመው ይቁጠሩ። ያለ ላሚኒን በቃጫዎች መካከል የተቀመጠ የማክሮፋጅ ኒውክለስ «መሃል ያለ» ሆኖ ይቆጠራል። ከሽፋኑ በግልጽ የተለየውን ብቻ ይቀበሉ። አንድ ስስ ቁራጭ ኒውክለሱ በሌለበት ቦታ ሊያልፍ ስለሚችል ቁጥሩ ሁልጊዜ ከእውነቱ ዝቅ ይላል፤ በሁሉም ቡድን ላይ እኩል እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። የቃጫ መጠን ሲለኩ ደግሞ በስፋት ፈንታ አነስተኛውን የፌሬ ዲያሜትር ይጠቀሙ። ጡንቻው ዘንበል ብሎ ከተቆረጠ ክቡ ሞላላ ይሆንና ስፋቱ ይተልቃል፤ አጭሩ ዲያሜትር ግን እምብዛም አይለወጥም።

የሚቆጥረው ሰው ቡድኑን አይወቅ። ከ6 አይጦች ከእያንዳንዱ 500 ቃጫ ብትቆጥሩ የናሙናችሁ ብዛት 6 ነው እንጂ 3,000 አይደለም፤ የሚደርሱን ሰንጠረዦች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።

ጥያቄ፦ ቁራጮቻችን በቀዳዳ የተሞሉ ናቸው። በሽታው ነው ወይስ አቀዝቃዛው?

መልስ፦ ማነፃፀሪያውን ጤናማ አይጥ ይዩ። እሱም ከተበሳሳ በሽታው አይደለም። የበረዶ ቀዳዳ ባዶ፣ ጠርዙ ስለታምና በሁሉም ቃጫ ውስጥ የተበተነ ነው። የሞተ ቃጫ ግን ገረጣ እንጂ ባዶ አይሆንም፤ ውስጡ ፍርስራሽና ሕዋሳት አሉት።

ቀዳዳው የሚመጣው ጡንቻው ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ነው። በውስጡ ያለው ውኃ ትልልቅ የበረዶ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ያገኛል። ጡንቻውን በቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መንከር ፈጣን ይመስላል፤ ግን ናይትሮጅኑ በጡንቻው ዙሪያ ፈልቶ የጋዝ ሽፋን ይሠራና ቅዝቃዜውን ይከላከላል። መሃል ላይ አይሶፔንቴን (በናይትሮጅኑ የሚቀዘቅዝ ሌላ ፈሳሽ) የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቅልጥሙን ጡንቻ ከጅማት እስከ ጅማት ሳይጎትቱ አውጡ። በጨው ውኃ አታጥቡት፤ የተረፈው ውኃ ራሱ በረዶ ይሆናል። ወዲያው የማይቀዘቅዝ ከሆነ በጨው ውኃ ርሶ በደንብ በተጨመቀ ጋዝ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በረዶ ላይ አቆዩት፤ ከመንከራችሁ በፊትም በማጣሪያ ወረቀት ጠጋግታችሁ አድርቁ። በቡሽ ላይ ትንሽ የትራጋካንት ሙጫ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ብቻ ትከሉ፤ ጡንቻው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አብዛኛው አካሉም ከሙጫው ውጭ ይሁን። ሙሉውን በኦሲቲ (የናሙና መቅበሪያ ሙጫ) ቀብሮ ማቀዝቀዝ እንደ ብርድ ልብስ መሸፈን ነው።

አይሶፔንቴኑን በትንሽ የብረት ኩባያ አድርጋችሁ ናይትሮጅኑ ውስጥ አንጠልጥሉ። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይነግራችኋል፦ ፈሳሹ ይወፍራል፣ ከኩባያው ሥርና ጎን ላይ ነጭ ጠጣር ይታያል፤ ያኔ ወደ 160 ዲግሪ ከዜሮ በታች ደርሷል። ጠጣሩ ሳይታይ መንከር ዋናው የቀዳዳ ምንጭ ነው። ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አገላብጡት፤ ከዚያ በላይ ጡንቻው ይሰነጠቃል። በደረቅ በረዶ ላይ አድርጋችሁ ወደ ክራዮስታቱ (በቅዝቃዜ ውስጥ ወደሚቆርጠው መሣሪያ) ውሰዱና አይሶፔንቴኑ እስኪተን ጠብቁ። የሚቆይ ከሆነ በፎይል ጠቅልላችሁ በታሸገ ቱቦ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡት። ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማሳደር ክሪስታሉን እንደ አዲስ ያሳድገዋል፤ በጥንቃቄ የቀዘቀዘ ናሙናም በአንድ ሌሊት ይበላሻል።

ቁራጩ ከ8 እስከ 10 ማይክሮሜትር፣ ክራዮስታቱ 20 ወይም 22 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሁን። ቁራጩ ከተጨማደደ ክፍሉ ሞቋል፣ ከተሰበረ በጣም ቀዝቅዟል። በቁራጩ ጠርዝ ላይ ጠቁረው የሚታዩ ክብ ቃጫዎች ብዙ ጊዜ በመያዣው ተቆንጥጠው የተኮማተሩ ስለሆኑ ከቆጠራው አውጧቸው።

ጥያቄ፦ የእግር ጡንቻ ላይ ጠባሳ አጣን። ፕሮጀክቱ ስለ ፋይብሮሲስ ነው።

መልስ፦ የተሳሳተ ጡንቻ ይዛችኋል። በኤምዲኤክስ የእግር ጡንቻ ላይ ጠባሳው ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ጡንቻዎቹ ከጤናማው ይከብዳሉ። ሲከብዱ የሚጠነክሩ እንዳይመስላችሁ፤ በአቋራጭ ስፋት ሲካፈል ጉልበታቸው ያነሰ ነው። የሰውን በሽታ የሚመስለው ድያፍራም ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1991 ተገልጿል። ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ ከወር ወደ ወር እየባሰ፣ ኮላጅን እየተከማቸበት፣ እየደነደነ ይሄዳል። ልብም ይታመማል፤ ግን ለውጡ ጎልቶ የሚታየው ዘግይቶ ነው።

ድያፍራም ስስ ስለሆነ ጠፍጣፋውን ማቀዝቀዝ አይሠራም። ከጎድን አጥንቱ ጋር የተያያዘ ቀጭን ሰቅ ቆርጣችሁ እንደ ጥቅልል አድርጉና ቃጫዎቹ እንዲቆሙ ትከሉት። ለኮላጅን ፒክሮሲሪየስ ቀይ ጥሩ ነው፦ በፒክሪክ አሲድ ሙሌት ውስጥ 0.1 በመቶ ሲሪየስ ቀይ፣ ለ1 ሰዓት። ከዚያ የሚታጠበው 0.5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ባለው ውኃ ነው፤ በተራ ውኃ ካጠባችሁት ቀለሙ ይሄዳል፣ «ጠባሳው ቀነሰ» ብላችሁም ትጽፋላችሁ። የፒክሪክ አሲዱ ጠርሙስ አፍ እንዳይደርቅ ዘወትር ተመልከቱ፤ የደረቀ ፒክሪክ አሲድ ፈንጂ ነው።

እግር ላይ ጠባሳ የግድ ካስፈለገ በዲቢኤ/2 ዘር ላይ ያለውን ኤምዲኤክስ አስቡ። ይህ ዘር ኤልቲቢፒ4 በተባለው ዘረ መል ላይ ባለው ልዩነት ምክንያት ቲጂኤፍ-ቤታ (ጠባሳን የሚያበረታታ ፕሮቲን) የበለጠ ስለሚሠራበት ጠባሳው ይበዛል፣ መታደሱም ደካማ ነው። ግን ወጥመድ አለው። ጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይከማቻል፤ በሄማቶክሲሊን ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፣ የክራዮስታቱንም ምላጭ ይቧጭራል። ጤናማው የዲቢኤ/2 አይጥ ራሱ ልቡ ላይ ካልሲየም ስለሚያበጅ በልብ ላይ ያያችሁትን ሁሉ የዲስትሮፊን መጥፋት ያመጣው ነው አትበሉ። ማነፃፀሪያው የግድ ከዚያው ዘር ይሁን። ለዋናው ኤምዲኤክስም እንዲሁ ነው፦ ሲ57ቢኤል/10 እንጂ ያገኛችሁት ጥቁር አይጥ ሁሉ አይደለም።

ጥያቄ፦ የክሬአቲን ካይኔዝ (ከተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስ ኤንዛይም) ውጤታችን በአንድ ቡድን ውስጥ እንኳ በብዙ እጥፍ ይለያያል።

መልስ፦ በኤምዲኤክስ ላይ የተለመደ ነው። አይጡ ሲያዝ ከታገለ፣ ከጉልበት መለኪያ ሙከራ ወዲያው በኋላ ደም ከተወሰደ፣ ወይም ደሙ ውስጥ ቀይ ሕዋሳት ከፈረሱ ቁጥሩ ይዘላል። ደሙን ከማንኛውም የጉልበት ፈተና በፊት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በአንድ ሰው እጅ ውሰዱ። ቁጥሩ መውረዱም ብቻውን የምሥራች አይደለም፤ ታክሞ የደከመና የማይንቀሳቀስ አይጥ ኤንዛይሙ ዝቅ ይላል።

የተቀደደ ሽፋንን በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ኢቫንስ ሰማያዊ ይሻላል። 1 በመቶ የሆነውን ንጹሕ መፍትሔ በሆድ ዕቃው ውስጥ ለ10 ግራም ክብደት 0.1 ሚሊ ሊትር ወጉና ከ16 እስከ 24 ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ሽፋኑ ወደተቀደደ ቃጫ ይገባል፤ በፍሎረሰንስ ቀይ ያበራል። ቁራጩን በቀዝቃዛ አሴቶን አጽኑት፣ ውኃ ውስጥ አታቆዩት፣ ከብርሃን ጠብቁት። ቀለሙን መውጋት ካልቻላችሁ በቃጫው ውስጥ የገባውን የአይጡን የራሱን አይጂጂ (በደሙ ያለ ፀረ እንግዳ አካል) መቅለም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ምንም ያልታከመ ኤምዲኤክስ ላይ ዲስትሮፊን ያላቸው ቃጫዎች አገኘን። ናሙናው ተደባልቆ ይሆን?

መልስ፦ መደባለቅ ሳይሆን ተመላሽ ቃጫዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንዳንድ ቃጫዎች ጉድለት ያለበትን ኤክሶን ዘለው አጠር ያለ ዲስትሮፊን ይሠራሉ። ጥቂት ናቸው፣ በዘለላ ተጠጋግተው ይገኛሉ፣ ዕድሜ ሲጨምርም ዘለላው ይሰፋል። ስለዚህ የዘረ መል ሕክምና ስትሞክሩ በዚያው ዕድሜ ያለ ያልታከመ ኤምዲኤክስ የግድ ያስፈልጋል፤ የተበታተኑ ነጠላ ቃጫዎችና ዘለላዎችም ለየብቻ ይቆጠሩ። የተመላሽ ቃጫ ቁጥር እንዲያንስ ከፈለጋችሁ በ53ኛው ኤክሶን ላይ ጉድለት ያለበት ኤምዲኤክስ-4ሲቪ የተሻለ ነው። ዲስትሮፊንን የምትቀልሙበት ፀረ እንግዳ አካል በአይጥ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የአይጡን የራሱን አይጂጂ አስቀድማችሁ ሸፍኑ፤ ያለበለዚያ የሞቱት ቃጫዎች ሁሉ በርተው «ዲስትሮፊን ተመለሰ» ያሰኛሉ።

ጥያቄ፦ የዲስፈርሊን (የተቀደደ ሽፋንን ለመድፈን የሚረዳ ፕሮቲን) ጉድለት ያለባቸውን ኤስጄኤል አይጦች በ6 ሳምንት አየን። ምንም የለም።

መልስ፦ ገና ነው። ይህ በሽታ የሚመጣው ሽፋኑ ስለተቀደደ ብቻ ሳይሆን የተቀደደውን መልሶ መድፈን ስላቃተው ነው፤ ጉዳቱም ቀስ ብሎ ይጠራቀማል። ለውጡን በወራት ጠብቁ፤ ከእግር ጫፍ ይልቅ ወደ ግንድ የቀረቡትን ጡንቻዎች ቁረጡ። የኤምዲኤክስን የ4 ሳምንት ሰሌዳ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም።